እሳት ያላየ ሸክላ

ሊይዙኝ የመጡት ጭቃ በእጄ ላይ እያለ ነው። ጠዋት ነበር። ሸዋ ሮቢት ካለው ቤቴ ጓሮ ቁጭ ብዬ የአንድ እንስራ አንገት ሳስተካክል በሩ ተንኳኳ፤ ተነሥቼ ሳልደርስ ተከፈተ። «እጅሽን ታጠቢና ነይ» አለኝ ከገቡት አንዱ፤ እስክታጠብም ቆሞ ጠበቀኝ። ያ ትዕግሥቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እሱ እኔን ሲጠብቅ ሌሎቹ ሸክላዎቼን ከመደርደሪያው ላይ ያነሣሉ፣ ገልብጠው ታቹን ያያሉ፣ አይተው ሲጨርሱ ይለቁታል። በደንብ እሳት የበላው ሸክላ ሲሰበር ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ያልበሰለው ዱፍ ይላል። ጀርባዬን ሰጥቼ እጄን እየታጠብኩ የትኛው እንደተሰበረ በጆሮዬ አውቅ ነበር።

አንዱን ብቻ አልሰበሩትም። በጆንያ ጠቅልለው ከእኔ ጋር መኪናው ላይ ጫኑት።

ስለዚያ ሸክላ ካልነገርኩ የቀረው አይገባም። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ እኔም ከእሷ የተማርኩት ድስትና ምንቸት፣ ማሰሮና እንስራ መሥራት ነው። ሰው ሸክላችንን ይገዛል፤ ከእኛ ጋር ለመጋባት ግን ያንገራግራል። ያደግኩት በዚህ ነው፤ ለምጄዋለሁ። ባሌ ከሞተ በኋላ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ጠዋት እየተነሣሁ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ አፈር ፍለጋ ብዬ ነበር፤ ኋላ ግን መሄዱ ራሱ ሥራዬ ሆነ።

ከደብረ ሲና ቁልቁለት ሥር ያለው አፈር ቀይ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። የጀውሃ ወንዝ ዳር አፈር ጥቁርና ልስልስ ነው። የቀወት ማሳ ደግሞ በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ከሄድኩበት ሁሉ ትንሽ አፈር በፌስታል ይዤ እመለስና ያንኑ ቦታ የሚመስል ዕቃ ከዚያው አፈር እሠራለሁ። ተራራው ወደ ቆላው ሲወርድ ትከሻውን እንደሚጥል፣ ትከሻው የወረደ ጋን። የደረቀ ወንዝ ሆድ የመሰለ ጎድጓዳ ሳህን። አንድ የጀውሃ ምግብ ቤት ባለቤት ጥቂቶቹን ገዝቶ በረንዳው ላይ ደረደራቸው። የከባድ መኪና ሾፌሮች ምሳቸውን እየበሉ «ይቺማ ያቺ ፍሬን የምታስጨንቀን ጠመዝማዛ ናት!» ይላሉ ብሎ ነገረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበትን አላስታውስም።

ከዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተኩስ ይሰማ ጀመር። ጫካ ያለውም ከተማ ያለውም በእግሩ የሚሄድን ሰው የሚጠረጥርበት ጊዜ ሆነ። እኔም መሄዴን ተውኩ። የያዙኝ ቀድሞ ለሄድኩት ነው።

ያስገቡኝ ቤት የማሾ መጋዘን የነበረ ነው። ማሾ የእኛ ቆላ ለገበያ የሚዘራው አረንጓዴ ጥራጥሬ ነው፤ ከወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ፍሬው አሁንም ይገኝ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮት የሌለው። ግድግዳውና ጣሪያው የማይገናኙበት አንድ ክፍተት አለ፤ ብርሃንም አቧራም የመኪና ድምፅም የሚገባው በዚያ ነው። በጥግ የሽንት ባልዲ፣ በሌላው ጥግ የሁላችንም የመጠጥ ውሃ ያለበት ቢጫ ጄሪካን። ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ማንም ምን አድርገሽ ነው ብሎ አልጠየቀኝም። አንዷ ብቻ እግሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«እዚህ ጋ ትንሽ ንፋስ አለ» አለችኝ።

ንፋስ አልነበረም።

እዚያ ቤት ቶሎ የተማርኩት ዝምታን ነው። ከመካከላችን አንዷ የምንናገረውን ወደ ውጭ እንደምታደርስ ሁላችንም እናስባለን፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን አናውቅም። ስለዚህ የምናወራው ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጀርባ ሕመምና ከቤት ስለሚመጣልን ምግብ ነበር። ለእኔ ታናሽ እህቴ ታመጣልኛለች፤ በር ላይ ያለችው ጠባቂ ተቀብላ ትሰጠኛለች። እህቴን አላያትም። ሳህኑ ሲመለስላት በልቼ መጨረሴን አይታ በሕይወት መኖሬን ታውቃለች፤ እኔም ወጡን ቀምሼ እሷ ደህና መሆኗን አውቃለሁ።

መርማሪው ወጣት ነው። የደጋ ሰው ይመስለኛል፤ ሙቀቱ አልተስማማውም፣ አንገቱን በመሐረብ ሲጠርግ ይውላል። አንድም ቀን ጮኾብኝ አያውቅም። መጀመሪያ የጠራኝ ቀን ሸክላዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሆዱ ሰፊና ዝርግ፣ በአንድ በኩል እጥፋት እጥፋት ያለው፣ በመካከሉ የጣት ጭረት ወርዶበት ዙሪያውን ትንንሽ ጉድጓዶች የተበተኑበት ዕቃ።

«ይሄ ተራራ ነው?» አለኝ እጥፋቱን እየዳሰሰ።

«አዎ።»

«ይሄ ወንዝ ነው።»

«አዎ።»

«እነዚህስ?»

«ማሾ ነው። ጭቃው እርጥብ ሳለ ፍሬውን እጭንበታለሁ። እሳት ሲገባ ፍሬው ይቃጠልና ቦታው ይቀራል።»

«ታዲያ እዚህ ጋ ተሰብስቦ እዚያ ጋ አንድ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?»

«እንዲያምር ነው።»

እንዲያምር አልነበረም። እያንዳንዱ ፍሬ በመንገዴ ላይ ያሳረፈኝ ቤት ነው። ውሃ ያጠጡኝ፣ ጥላ ያስጠለሉኝ ሰዎች። ብቻዋን ያለችው ጉድጓድ ደግሞ ያደርኩባት ቤት ናት። ለራሴ ብዬ ያደረግሁት ነው፤ ለሰው ተናግሬውም አላውቅ። መርማሪው ጣቱን ልክ በእሷ ላይ አሳርፎ «ካርታ ነው የሠራሽው» አለኝ።

«ኧረ ሸክላ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሸክላ ሠሪ እግሯን አጥፋ ቤቷ ትቀመጣለች እንጂ በቀወት ማሳ መካከል ምን ያንከራትታታል? ጫካ ላሉት ተላላኪ ነሽ እንዳልልሽ ደግሞ ሴት ነሽ፣ አሳዘንሽኝ። ማን ቤት አደርሽ? እሱን ብቻ ንገሪኝ። ዛሬውኑ ቤትሽ ትሄጃለሽ።»

«ማንም ቤት አላደርኩም። ዛፍ ሥር ነው።»

«የትኛው ዛፍ?»

«ግራር።»

አየኝና መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ በኋላ በጠራኝ ቁጥር ጥያቄው ይኸው ነው፤ መልሴም ይኸው። ቀስ በቀስ ሸክላው ከጠረጴዛው ወርዶ ወለል ላይ ተቀመጠ። ኋላ ላይ ደግሞ ወረቀትና የብርቱካን ልጣጭ ይጥልበት ጀመር። ይህን ሲያደርግ እኔን ለማስከፋት አስቦ አይመስለኝም፤ የቆሻሻ መጣያ ስላልነበረው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በሩ ተከፈተና በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴት አስገቡ።

ጥቁር ሻሻቸውን እያስተካከሉ በሩ ሥር ቆሙ። «አሰላሙ አለይኩም» አሉ፤ ጥቂቶች መለሱላቸው። ዓይናቸው ከውጭው ብርሃን ስለመጣ መጀመሪያ ማንንም አላየም። ጨለማውን ሲለምድ ግን እኔ ላይ አረፈ።

ብቻዋን ያለችው የማሾ ጉድጓድ እሳቸው ናቸው። ያደርኩት እሳቸው ቤት ነው።

ባለፈው በጋ ከጀውሃ ዘልቄ በቀወት ማሳ ዳር ስሄድ ጫማዬ ተበጥሶ አንካሳ ሆኜ ነበር። ከአንድ ግቢ ውስጥ ድምፅ ተጣራ። «አንቺ ሴት! በዚህ ፀሐይ ማንን ልትቀብሪ ነው የምትጣደፊው? ነይ ግቢ!» ገባሁ። ባለቤታቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ምንም ሳይጠይቁ ጫማዬን ከእግሬ ተቀብለው በሽቦ ይጠግኑ ጀመር። እትዬ ውሃ ሰጡኝ። እትዬ እላቸዋለሁ፤ ስማቸውን እዚህ አላነሣም። ፌስታሌን ከፍተው አዩና «አፈር ነው ተሸክመሽ የምትሄጂው? እሱ እኛን መሸከሙ አይበቃውም?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁብኝ። ፀሐዩ ስለገባ አሳደሩኝ። በማግሥቱ ስሰናበት ከጓሯቸው ራሳቸው አፈር ቆፍረው ሞሉልኝ። «እንግዲህ ሸክም ከወደድሽ የእኛንም ቅመሺው» አሉኝ። መርማሪው ቢሮ ያለው ሸክላ የተሠራው ከዚያ አፈር ነው።

አሁን ከፊቴ ቆመዋል። ልነሣ ወገቤን ሳነሣ ዓይናቸውን ከላዬ አነሡና ወደ ሌላዋ ዞሩ።

«ልጆች፣ ለአሮጊት የምትሆን ቦታ አለቻችሁ?»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ገባኝ።

ከእኔ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ለቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ። «ልጅሽን አምጪ ነው የሚሉኝ። ወላሂ እኔ ልጄን ከየት አመጣዋለሁ? ከቤት ከወጣ ቆየ። የት እንዳለ ቢያውቁ ለእኔም በነገሩኝ።»

ያን ቃል ይዤ ተንጠለጠልኩ። በልጃቸው ነው፤ በእኔ አይደለም። ግን ደግሞ ይህን የተናገሩት እውነት ስለሆነ ነው ወይስ እኔ እንድሰማው ብለው? ምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ ሸክላዎቹን ያየ ሰው ስንቱን ጠይቋል? ከግቢያቸው ስወጣ መንገድ ላይ ማን አይቶኛል? መጠየቅ አልችልም። አንድ ቤት ውስጥ ተኝቼ፣ ትንፋሻቸውን እየሰማሁ፣ አንዲት ቃል መጠየቅ አልችልም።

በማግሥቱ መርማሪው ጠራኝ።

«ከቀወት የመጡ ሴት እናንተ ጋ አሉ። ታውቂያቸዋለሽ?»

«አላውቃቸውም።»

«በደንብ አስቢ።»

«አላውቃቸውም። አሁን ነው ያየኋቸው።»

ስመለስ እትዬን ጠሩ። ቆይተው መጡ። ወደ ቦታቸው ሲሄዱ ግድግዳውን እየዳሰሱ ነበር። ተቀምጠው ትንፋሻቸው ሲመለስ ለጎረቤታቸው ነገሩ፤ ድምፃቸው ግን እኔ ጋ ይደርስ ነበር። «ሸክላ ሠሪ ታውቂያለሽ ወይ አሉኝ፣ ልጄ። እኔ የማውቀው ሸክላውን ነው፣ ከገበያ ገዝቼ ነው የምሄደው፤ የሠራችውን ምን ላድርጋት አልኳቸው።» ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ከሴቶቹ ጋር ሳቅሁ። ሳልስቅ ብቀር ያስታውቅብኝ ነበር።

እንደዚያ ሆነን ኖርን። እንደ እንግዳ ሰው «እንዴት አደሩ፣ እትዬ?» እላለሁ፤ እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ፣ አንቺስ?» ይሉኛል። ከእህቴ የመጣውን ምግብ ለሁሉም ሳካፍል ለእሳቸው የማቀርበው ከሌላው እንዳይበልጥ እጠነቀቃለሁ።

ከዚያ ታመሙ። የቆላ ሰው ወባን በሩቁ ያውቃታል። ቆርቆሮው በሚያቃጥልበት ሰዓት እትዬ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ልብስ ደርቡልኝ ይላሉ፤ ያለንን ሁሉ እንደርባለን። ሲለቃቸው ልብሱ በላብ ርሶ ይጨመቃል። በሩን ደበደብን። ጠባቂዋ መጥታ በበሩ ስንጥቅ አየች። ክፉ ሴት አልነበረችም።

«ነገ ሐኪም ይመጣል» አለች።

በማግሥቱም «ነገ» አለች። ከዚያ በኋላ እኛም ስንደበድብ የምትለውን ስለምናውቅ እሷም መምጣቷን ተወች።

ሕመሙን እትዬ ችለውት ነበር። ያልቻሉት ሌላ ነገር ነው። ሲመጡ ሰላት አያቋርጡም ነበር። ውሃው ለጉሮሮ ስለማይበቃ ከሰላት በፊት ለሚታጠቡት ውዱእ አልነካም ብለው፣ በአፈር ተየሙም እያደረጉ ይሰግዱ ነበር፤ ውሃ ያጣ ወይም የታመመ ሰው በንጹሕ አፈር እጁንና ፊቱን ያብሳል፣ ያ እንደ ውዱእ ይቆጠርለታል። ሰው እየበዛ ሲሄድ ግን ባልዲው ይሞላል፣ ይፈስሳል። አንድ ቀን እጃቸውን ወለሉ ላይ ሊያሳርፉ ዘርግተው ሳለ ከባልዲው የወረደው እርጥበት እሳቸው ቦታ መድረሱን አዩ። እጃቸው በአየር ላይ ቀረ።

«ይሄ መሬት ንጹሕ አይደለም» አሉ።

እጃቸውን ሰብስበው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። የቀትሩ የዙሁር ሰላት ሰዓት አለፈ። የከሰዓቱ የአስር ሰላትም አለፈ። ሌሎቹ ሙስሊም ሴቶች «የታመመ ሰው አላህ ይምረዋል» ቢሏቸው አልመለሱም። ከዚያ በኋላ ምግብም ተዉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዳደረጉ ይውላሉ። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ያለቅሳል ብዬ አስብ ነበር። አያለቅስም። ዝም ብሎ ይዞራል።

ግቢው ውስጥ ከውሃ ሮቶው ሥር የሚንጠባጠብ ውሃ ጭቃ ሠርቷል። ባልዲ ልደፋ ስወጣ ጎንበስ ብዬ ከዚያ ጭቃ አንድ እፍኝ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩ። ምን ላደርግበት እንዳሰብኩ አላውቅም። እጄ ነው ያነሣው። ውስጥ ገብቼ ከወለሉ ስንጥቅ የማሾ ገለባ ለቅሜ ቀላቀልኩበትና በጭኔ ላይ አሸሁት። መጥፎ ጭቃ ነው፤ አሸዋ የበዛበት፣ የማይያያዝ። ቢሆንም በአውራ ጣቴ እየገፋሁ ሳዞረው ጎኑ ቆመ። ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ወጣው። ክፍተቱ ሥር ባለው ደረቅ ቦታ አስቀመጥኩት።

ሲደርቅ እትዬ ከተኙበት ሆነው ያዩት ነበር።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ካዞሩ ወዲህ መጀመሪያ የተናገሩት ነው። «ምን ያደርግልሻል?»

«ምንም አያደርግም፣ እትዬ። እሳት አላየም። ውሃ ቢነካው ይፈርሳል።»

ጨረስን ብዬ ፊቴን ሳዞር እንደገና ተናገሩ።

«አፈር ይይዛል?»

«አፈርማ ይይዛል።»

«እንግዲያው ለእኔ አድርጊው።»

በማግሥቱ ስወጣ ከግቢው አጥር ሥር፣ ሰው ከማይረግጥበት፣ ደረቅ አፈር ዘግኜ መጣሁ። በነጠላዬ ነፋሁት፤ ጠጠሩንና ጭራሮውን አወጣሁ። እንደ ዱቄት የላመውን ሳህኑ ውስጥ አድርጌ በሁለት እጄ ያዝኩላቸው። ሁለት ሴቶች ከኋላ ደግፈው አስቀመጧቸው። እትዬ መጀመሪያ አፈሩን በአፍንጫቸው አሸተቱት። ቀና ብለው አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ስለ ጓሯቸው እንደሚያስቡ አውቄአለሁ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ቢስሚላህ» አሉና መዳፋቸውን አሳረፉበት። ፊታቸውን አበሱ። እጃቸውን አበሱ። ተቀምጠው ሰገዱ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሌሎቹም ሴቶች ከዚያው ሳህን መጠቀም ጀመሩ። ጠባቂዋ ስትፈትሽ አየችውና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። «የሰላት አፈር ነው» አሏት። በእግሯ ልትገፋው ካነሣች በኋላ እግሯን መለሰችው።

እትዬ ግን አልዳኑም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ መናገር ሲያቅታቸው ሁላችንም፣ ጆሮ ናት ብለን የምንፈራት ማንም ትሁን ማን እሷም ጭምር፣ ተነሥተን ቆርቆሮውን በር በጫማችንና በሳህናችን ደበደብን። ሌላ ቅጣት ቢመጣም ግድ አልሰጠንም። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። በብርድ ልብስ አድርገው ሊያወጧቸው ሲያነሡ እትዬ ዓይናቸውን ገለጡ። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጠባቂዋም ቆማለች፤ ከኋላዋ መርማሪው።

«ይቺን ልጅ ማን እንደሆነች አላውቃትም» አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ግን አላህ ይስጣት።»

ወሰዷቸው። የፒካፑ ሞተር ሲነሣ በክፍተቱ ሰማን።

በማግሥቱ ጠባቂዋ በሩን ከፍታ ውስጥ ሳትገባ ቆመች። «የአሮጊቷን ዕቃ ስጡኝ» አለች። ጫማቸውና አንድ ሻሽ ነበር። ሰበሰብኩና ሰጠኋት። ማንም «እንዴት ሆኑ?» ብሎ አልጠየቃትም፤ እሷም ለመንገር አልቆመችም። ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ነበር የተቀበለችኝ። በሩ ሲዘጋ ከሙስሊሞቹ አንዷ «ኢንና ሊላሂ» ብላ ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሉ። እኔ ነጠላዬን ከራሴ ላይ አወረድኩና አዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ ለበስኩ፤ እኛ ሰው ሲሞትብን እንደምናደርገው። ክርስቲያኖቹም ነጠላ ያላቸው እንዲሁ አዘቀዘቁ። ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ። ከእህቴ የመጣውን ምግብ መካከል ላይ አስቀምጠን ዙሪያውን ተቀመጥን። እያንዳንዷ አንዳንድ ጉርሻ ወሰደች።

ከሰዓት መርማሪው ጠራኝ። ገብቼ ቆምኩ። ነጠላዬን አየ።

«ምን ሆነሻል?»

«ሰው ሞቶብናል።»

«ማን?»

«አብረውን የነበሩ ሴት።»

ወንበሩ ላይ ተደገፈ። ቀስ ብሎ፣ ልክ አንድ ነገር እንዳገኘ ሰው፣ «አላውቃቸውም አላልሽኝም ነበር?» አለ።

«አላውቃቸውም።»

«ለማታውቂያቸው ሰው ነጠላ ታዘቀዝቂያለሽ?»

ነጠላውን ብመልሰው ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። እሱም የሚጠብቀው ያንን ነው። «ሰው ናቸው» አልኩት። «ለቅሷቸው ላይ የሚደርስ ዘመድ አጠገባቸው የለም። እኛ ነን ያለነው።»

«አስተካክለሽ ልበሺ።»

አላስተካከልኩም። ቆሜ ጠበቅሁ። ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣ ነበር። መሐረቡን አወጣ፣ አንገቱን ጠረገ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አነሣ፣ ያነበበ መሰለ። በመጨረሻ በእጁ ውጪ የሚል ምልክት ሰጠኝ። በመጋዘኑ እስከቆየሁ ድረስ ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁት ለበስኩ። ማንም ደግሞ አላስገደደኝም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተወኝ። አንድ ጠዋት «ዕቃሽን ያዢ» ተባልኩ። ለምን እንደያዙኝ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም። እህቴ በር ላይ ቆማ ነበር፤ አላወቀችኝም፣ ስጠራት ነው የዞረችው።

መንገዱ ጋብ ሲል በባጃጅ እስከሚቻለው ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወደ ቀወት ወረድኩ። ሽማግሌው ግቢያቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ብቻቸውን ናቸው። አወቁኝ፤ ተነሥተው ሁለት ትከሻዬን ይዘው ቆሙ። ማሳው አልተዘራም።

«አስከሬናቸውን ሰጡዎት?» አልኳቸው።

«አልሰጡኝም። ሮቢት ሄድኩ፣ ደብረ ሲና ሄድኩ። የት እንዳስገቧት የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።»

አብሬያቸው እንደነበርኩ ነገርኳቸው። ስለ ሕመማቸው፣ ስለ ሰላታቸው፣ ስለ መጨረሻው ረፋድ። ሲሰሙ ፊታቸው አልተለወጠም። ሳህኗን ስነግራቸው ብቻ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ የመጣሁበትን ጠየቅሁ፤ ከመጋዘኑ ጀምሮ በአፌ ውስጥ የያዝኩትን።

«አባባ፣ እትዬን የወሰዷቸው በእኔ ምክንያት ከሆነ—»

«በልጁ ነው» አሉኝ።

«እኔ እዚህ ማደሬን የጠየቀ ሰው—»

«በልጁ ነው አልኩሽ፣ ልጄ። በልጁ ነው።»

ሳልጨርስ መለሱልኝ። እውነት ይሁን ደግነት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሁለተኛ ሄጄም አልጠየቅኋቸው። እትዬ ቢሆኑም እንደዚሁ ነበር የሚመልሱልኝ።

አሁንም ሸክላ እሠራለሁ። ድስትና ምንቸት፣ ሰው የሚያዘውን። ወንዝና ተራራ የሚመስል ነገር አልሠራም፤ የጀውሃው ሰውዬ ደውሎ ነበር፣ አይሆንልኝም አልኩት። አፈሩን ባለጋሪ ያመጣልኛል፤ ከየት እንደሚቆፍረው አልጠይቀውም። ጓሮዬ ላይ ቁጭ ሲሉ ሰማዩ በጠራ ቀን የደብረ ሲና አፋፍ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። እኔ የምቀመጥበትን ዱካ አዙሬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ ነው የምሠራው። እህቴ መጀመሪያ ያየችኝ ቀን «ምነው እንዲህ ተቀመጥሽ?» አለችኝ። ፀሐዩ ዓይኔን ይወጋኛል አልኳት። ጠዋት ፀሐይ በዚያ በኩል እንደማይወጣ እሷም ታውቃለች።